ወይዘሮ ዘነቡ ለጉብኝት ወጡ

አዛለች ልጇን ዋሽታ ነው ቡታጅራ ያደረችው። «የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እናቷ ሞተውባት ቡታጅራ ለቅሶ ልደርስ ነው» ብላ ጥቁር ነጠላዋን በፌስታል ጠቅልላ ዓርብ ከሰዓት ከወልቂጤ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሆቴሉ በር ላይ ከቆመች ነጭ ሚኒባስ አጠገብ ስሟን ስትጠየቅ ደግሞ «ዘነቡ» አለች። ለቅሶውም ውሸት፣ ስሙም ውሸት። ውሸት ሲጀመር እንዲህ ነው፣ ብቻውን መሄድ አይወድም።

ስሟን ጠይቆ ወረቀት ላይ የጻፈው ልጅ ግሩም ይባላል፤ የዕለቱ አስጎብኚ እሱ ነው። በየቅዳሜው ስድስት ሰባት ሰው ይዞ ከቡታጅራ ይነሳል፤ በአረቅጥ ደጋ ላይ አውጥቶ፣ በቸሃ በኩል አውርዶ፣ ማታ ሳይመሽ ወልቂጤ ያደርሳቸዋል። በቴሌግራም የሚለጥፈው ማስታወቂያ «ምሳ በአስጎብኚው እናት ቤት» ይላል። አዛለችን ከቤቷ ያስወጣት ይህች አንዲት መስመር ናት። ተራራውን ከፈለገችው ወልቂጤ በኖረችበት ሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ መቼም ታየው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጇ ማርቲ፣ አዛለች ከዚህ በፊት ተገናኝታው የማታውቀውን ይህን ግሩምን ላግባ ብላለች። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ስትነግራት አዛለች እጇ ላይ የነበረውን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ለቀቀችው። ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ሁለት ቀን አኮረፈች። ማርቲ ግን እንደ ዛሬ ልጆች ሻንጣዋን አንጠልጥላ አልወጣችም። «አንቺ እሺ ሳትዪ አላገባም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ይህ ለአዛለች ከኩብለላ የባሰ ሆነባት። እምቢ ብትል ልጅቷ ያንን እምቢታ ዕድሜ ልኳን ተሸክማ በቤቷ ውስጥ ስትዞር ልታያት ነው። እሺ ማለት ደግሞ ሞቷ ነው። አሰበች፣ አሰበችና እምቢታው ከወዲያ በኩል እንዲመጣ ቆረጠች። የልጁ እናት ራሷ ትተው። አዛለች እጇን ታጥባ ልጇን ታጽናናለች።

በግሩም ላይ ምን አላት? ምንም። ጉራጌ መሆኑን ነው። ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድባ ወልቂጤ ስትገባ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን በትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል ትሠራለች። አገሩ እንጀራ ሰጥቷታል፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳን ተክሎ፣ ሦስት ቀን ወንበር ተሸክሞ አልቅሶላታል። እሷ ግን እስከ ዛሬ «እዚህ ያለሁት ለጊዜው ነው» ነው የምትለው። ቆጮ አፏ ገብቶ አያውቅም። «ሥር በል» ስትል አንዳንዴ ሰው አጠገቧ መኖሩንም ትረሳለች። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ሥር ሌላ ነገር አለ። ፈርታለች። ማርቲ ከሄደች እቤት የሚቀሩት ቴሌቪዥኑና እሷ ናቸው። ይህን ግን ለራሷም ተናግራው አታውቅም፤ ንቀቱ ይቀልላታል።

ሚኒባሷ ውስጥ ስድስት ሆኑ። ከአዲስ አበባ የመጡ ነብዩና ቤዛ የሚባሉ አዲስ ተጋቢዎች፣ ሁለት ዝምተኛ የባንክ ሠራተኞች፣ ከአዛለች ጎን ደግሞ ሃሊማ። ሃሊማ የቡታጅራ የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ ልጆቿ «እማ፣ አንድ ቀን እንኳ ከገበያ ውጪ አገርሽን እዪ» ብለው የላኳት፣ ሰፋ ያለች፣ ከረሜላ የማይለያት ሴት።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ ግሩም መኪናውን አስቁሞ ዘቢዳርን አሳያቸው። ጠዋቱ ጥርት ያለ የጥር ጠዋት ነበርና ተራራው ከነሸንተረሩ ፊታቸው ቆመ። ቤዛ አፏን ከፍታ ቀረች። አዛለች ከወንበሯ ሳትነሳ፣ እሷ አገር ጮቄ የሚባል እያለ ለዚህ ጉብታ መኪና ማቆም ምን እንደሚባል ጠየቀች። ግሩም ፈገግ ብሎ «ልክ ነዎት ወይዘሮ ዘነቡ፣ ጮቄ ትልቅ ነው» አለና ለሌሎቹ ማስረዳቱን ቀጠለ። አለመቆጣቱ አናደዳት። የሚቆጣ ሰው ይቀልላል፤ እንከኑን በእጁ ይሰጥሃል።

አረቅጥ ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይነካ ነበር። ገብስ ታጭዶ ከተከመረበት ማሳ ላይ ጉም ተኝቷል። አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ገብተው ትኩስ ሻይ ሲይዙ አዛለች ምርመራዋን ጀመረች። እስከ ስንት ተምረሃል? በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። የት ነው የምትሠራ? ይኸው፣ እዚሁ። አዛለች ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እንግዲህ መንገድ መሥራት ሲያቅትህ መንገድ ማሳየት ጀመርክ በለኛ።»

የባንኮቹ ልጆች ወለል ወለሉን አዩ። ነብዩ ሳል ቢጤ ሳለ። ግሩም ጆሮው ቀላ፤ ሂሳብ ልክፈል ብሎ ወጣ። በመስኮቱ በኩል አዛለች ስልክ ሲያወራ አየችው፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እየሳቀ ይሁን እየተማረረ አልገባትም።

ሃሊማ አንዲት ከረሜላ ልጣ ወደ አፏ ወረወረች። «እህቴ፣ ይሄ ልጅ ምን በድሎሽ ነው? ከጠዋት ጀምሮ እኮ እንደ እንጀራ ልጅ ነው የያዝሽው።» አዛለች ፊቷን ወደ ብርጭቆዋ መለሰች። ከበርበሬ ነጋዴ ጋር ነገር መመላለስ አልፈለገችም።

ቁልቁል ወደ ቸሃ ሲወርዱ ብርዱ ለቀቃቸው፤ እንሰቱ ግራና ቀኝ ሞላ። አንድ መንደር አጠገብ ወረዱና ጀፎረው ላይ ተራመዱ። ጀፎረ የጉራጌ መንደር ዋና ጎዳና ነው፤ ሣር የለበሰ፣ ሜዳ የሚያህል፣ ቤቶቹ ሁሉ ወደ እሱ የዞሩ። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥሩን ወደ እሱ አይገፋም፤ ሰርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው ብሎ ግሩም አስረዳ። አዛለች ይህን ሁሉ መሬት ለሣር መተው የሰነፍ ሥራ ነው፣ እኛ ዘንድ ቢሆን ጤፍ ይዘራበት ነበር አለች። ዝምተኞቹ የባንክ ልጆች እንኳ ዞረው አዩዋት። ግሩም ወደ መኪናው መራቸው። ከዚያ በኋላ ስለ አገሩ ሲናገር ድምፁ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ አዛለች ይህን ልብ አለችና ደስ አላት። እንዲህ ያለም ደስታ አለ።

እናቱ ቤት የደረሱት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ቤቱ አታት ከሚባለው ቦታ እምብዛም አይርቅም። ግሩም «አዶት» ብሎ ጠራቸው፤ በጉራጌኛ እናት ማለት ነው፣ እንግዶቹም እንደሱው አዶት አሏቸው። ቀጠን ያሉ፣ እጃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። እያንዳንዱን እንግዳ እጅ ነሱ፤ አዛለች ላይ ሲደርሱ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ፊቷን አዩት። አዛለች የገጠር ሰው ፈረንጅ እንዳየ አፍጥጦ ቀረ ብላ እጇን ሳበች።

ቤቱ ውስጥ የቀረበው ምሳ ለአላፊ እንግዳ የሚቀርብ ምሳ አልነበረም። ክትፎው በወፍራም ቅቤ ታሽቷል፤ አይቡና ጎመኑ በየጣባው፤ ለሃሊማ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤት ያረደው ዶሮ ለብቻው ተሠርቶ ቀረበላት። አዶት ከሁሉ አስቀድመው ለስላሳውን ቆጮ ቆርሰው ለአዛለች ዘረጉ። አዛለች ሆዴን ያመኛል አለች። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ቦርሳዋን ከፍታ ከቡታጅራ የገዛችውን ዳቦ አወጣችና በእሱ በላች። ቤዛ ጉርሻዋን እንደያዘች ደነገጠች። አዶት የአይቡን ጣባ ወደ አዛለች ጠጋ አደረጉላት።

ከምሳ በኋላ ጓሮ ሄደው እንሰት ሲፋቅ የሚያዩበት ሰዓት ነው። ግሩም አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ወንዶቹን አስቆመ። «ከዚህ ወዲያ ወንድ አይገባም። እኔም ተወልጄ ባደግሁበት ጓሮ እንሰት ሲፋቅ ቀርቤ አላውቅም። የሴቶች ቦታ ነው» አለና ነብዩንና የባንኮቹን ልጆች ይዞ ተመለሰ። ሴቶቹ ብቻ ገቡ። ቤዛ ፎቶዋን አነሳችና ጭቃው ጫማዋን ሲነካው ወጣች፤ ሃሊማ ለሶላት ውዱእ ላድርግ ብላ ሄደች። የቀሩት አዛለችና አዶት ናቸው፤ ወዲያ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ጎረቤቶች በጉራጌኛ እያወሩ ይፍቃሉ። አዛለች እግዜር የሰጣት ሰዓት መሰላት። ልጁ አይሰማ፣ ሰው አያይ።

አዶት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ዘንበል ባለው እንጨት ላይ የእንሰቱን ቅርፊት በተረከዛቸው ረግጠው፣ በቀርከሃው መፋቂያ ይገፉ ጀመር። ነጩ ከሥር ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ጎናቸው ያለውን የእንሰት ቅጠል ጠረግ አድርገው ለአዛለች ቦታ ሰጧት። አዛለች ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች።

ጀመረችው። ግሩም ጨዋ ልጅ መሆኑን ከጠዋት ጀምራ አይታለች፤ እናትነት አላስችል ቢላት ነው እንጂ በሰው ጉዳይ የምትገባ ሴት አይደለችም። ወልቂጤ ውስጥ ማርቲ የምትባል ልጅ አለች፤ ግሩም ሊያገባት ነው ሲባል ሰምታለች። አዶት ያውቁ ይሆን? ልጅቷ ደብረ ማርቆስ ላይ ታጭታለች፤ ጥሎሹም ተበልቷል። አዶት መፋቃቸውን አላቋረጡም። አዛለች ይህ እንዳልበቃ ስታይ፣ ቤቷ ሆና ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ።

«ልጅም ወልዳለች። አያቱ ዘንድ ደብቀውት ነው።»

መፋቂያው ቆመ።

«በዓይንሽ አይተሻል?» አሉ አዶት።

«በዓይኔ በብረቱ። ውሸቴን ከሆነ ልጄን ይንሳኝ።»

አዶት እሳት እንደ ነካው ሰው እጃቸውን አነሱ። «ተይ፣ እንደሱ አይባልም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ መፋቂያውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በቅጠል ጠርገው፣ ወደ እሷ ዞረው ተቀመጡ።

«ወይዘሮ አዛለች» አሉ።

አዛለች ቀና አለች። ስሟ እዚያ ጓሮ ውስጥ የሌላ ሰው ስም መሰላት።

«ማርቲ እዚህ ሦስት ጊዜ መጥታለች። አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጣ ፍቃለች። ተይ ብላትም እምቢ አለች። እጇ ተልጦ ነበር፣ አላየሽም?»

አይታለች። ማርቲ ብርድ ልብስ ሳጥብ ነው ብላት ነበር።

አዶት ቀጠሉ፤ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ ግን አንዲት ቃል አልጠፋቸውም። ማርቲ ለእሳቸውም ለግሩምም በስልኳ የእናቷን ፎቶ ያላሳየችበት ቀን የለም፤ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ እያለች። ዛሬ ጠዋት ግሩም ከአረቅጥ ደውሎ «እናቷ መኪናዬ ውስጥ ናት፤ ስሟን ደብቃለች፣ አንቺም እስክትናገር ዝም በዪ፣ ብቻ አክብሪያት» አላቸው። እሳቸው ደግሞ ልጄን ልታይልኝ፣ ቤቴን ልታይልኝ መጣች ብለው ደስ አላቸው። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባል የለ? እናትም የልጁን እናት ብታይ ደግ ነው ብለው ለሰርጉ ያስቀመጡትን ቅቤ ከጓዳ አወጡ። በምሳው ላይ ትነግረኛለች አሉ። ዳቦውን ስታወጣ ኧረ ግዴለም፣ ሰው ነገር ቶሎ አይዋጥለትም አሉ።

«ለልጄ ብዬ ነው» አለች አዛለች።

«ለልጅሽ ብለሽ ልጅሽን?»

አዛለች ተነሳች። ቀሚሷ ላይ የተፋቀው እንሰት ተጣብቆ ነበር፣ በንዴት አራገፈችው። ልጇን አስተምራ፣ አስመርቃ፣ ለዚህ አላሳደገቻትም አለች፤ እጇን ወደ ቆጮው መቅበሪያ ጉድጓድ፣ ወደ ቃጫው፣ ወደ አዶት እግር ዘርግታ አሳየች። ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ሥራቸውን አቁመው አዩዋት። አዶት አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ሽማግሌ አይመጣብሽም፣ ደስ ይበልሽ» አሉ። «እኔ ከልጅሽ ጋር ጥል የለኝም። ከዚህ አፍ ጋር ግን አልዛመድም። ልጄም እናቱ ያልመረቀውን አያደርግም። ማርቲ ግን ለምን እንደ ቀረባት ማወቅ አለባት። እኔ አልነግራትም። አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።»

እግራቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን ለበሱና መጥተው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ሃሊማ ቦታዋን ለቅቃላቸው ከኋላ ሄደች፤ ስለዚህ ከአዛለች ጎን ተቀመጡ።

ከዚያ እስከ ወልቂጤ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ አዛለች ግን በሕይወቷ እንደዚያ ያለ መንገድ ሄዳ አታውቅም። የፈለገችው ሁሉ በእጇ ገብቷል። ሽማግሌ የለም፣ ሰርግ የለም፣ እምቢታው ከወዲያ መጣ። እሷ ግን ወደ አዶት ዞረች። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ መለመን ጀመረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለማንም ያልወጣላት «እርስዎ» አሁን ወጣላት። አይንገሩብኝ፣ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ ከፈለጉ ሽማግሌ ይላኩ፣ እሺ እላለሁ። አዶት መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ግሩም ከፊት ሆኖ ዞር አለና እናቱን በጉራጌኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። በአንዲት ቃል መለሱለት። ፊቱ ተለወጠ፤ ወደ መንገዱ ዞረና ከዚያ በኋላ ለማንም ስለ ምንም አላስረዳም። ሃያ ሦስት ዓመት ኖራ አዛለች ያቺን አንዲት ቃል አላወቀቻትም።

ወልቂጤ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። መውረጃው ላይ ማርቲ ቆማለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግሩምን የምትቀበለው እዚያ መሆኑን እናቷ አታውቅም ነበር፤ ማርቲ ለእሷ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ ነው የምትላት። ልጅቷ መጀመሪያ አዶትን አየች፤ ሮጣ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። አዶት ቀና አድርገው ጉንጯን ሳሙ፤ ደጋግመው ሳሙ። ከዚያ ነው ማርቲ ከኋላቸው የምትወርደውን ሴት ያየችው።

«እማዬ? ለቅሶው ቡታጅራ አልነበረም እንዴ?»

ግሩም የመኪናውን በር ይዞ ቆሟል። ቤዛና ነብዩ ሻንጣቸውን ተቀብለዋል፣ ግን አልሄዱም። ሃሊማ ከረሜላዋን ረስታዋለች።

«በይ» አሉ አዶት። «የነገርሽኝን እንዳለ ንገሪያት።»

አዛለች ውሸት ፈለገች። ቀኑን ሙሉ ከአፏ ሳይጠፋ የዋለ ነገር አሁን አንዲት እንኳ አልተገኘም። የልጇን ፊት አየች፤ ከሁሉ በላይ የምትወደው ፊት ነው፣ እቤት እንዲጠብቃት እንጂ እንዲህ እንዲጠይቃት አልፈለገችም። ብዋሽ ይህቺ ሴት አጠገቤ ናት ብላ አሰበች። በዝምታ ብሄድም ነገ እቤት ማርቲ ትጠይቀኛለች።

«ሌላ ቦታ ታጭታለች አልኳቸው» አለች። «ልጅም ወልዳለች አልኳቸው። ለአንቺ ብዬ ነው ማርቲዬ።»

ግሩም በሩን ለቀቀና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ማርቲ አላለቀሰችም። እናቷን እንደ ዘበት፣ ወረፋ ላይ የቆመ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አየቻት። አዶትን በክንዳቸው ያዘቻቸው፣ ተልጦ የጠነከረው መዳፏ ነጠላቸው ላይ ዐረፈ።

«ስሙን ማን ብለሽ ነገርሻቸው?» አለች።

«የማንን ስም?»

«የልጄን።»

አዛለች ለልጁ ስም አላወጣችለትም ነበር።